ከአይሲዩ ነርስ፦ ለጀማሪ ነርሶችና ኮሪደር ላይ ለምታድሩ አስታማሚዎች

ማስተርሴን ጨርሼ ወደ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ከተመለስኩ ወዲህ ጀማሪ ነርሶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ሲስተር፣ ተምረሽ ምን ተለወጠ? ያው ነርስ አይደለሽም እንዴ?» ይሉኛል። ዘመዶቼም ጠይቀውኛል፣ ሽምብጥ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼም ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በአዋቂዎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስሠራ ያየሁትንና የሚጠቅመውን ልጻፍላችሁ። ሙያውን ለሚያስብ ነርስ ነው የምጽፈው። ሰው ተኝቶበት ኮሪደር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ለሚያድር አስታማሚም ነው።

ውጭ አገር የሄዱ ጓደኞቻችን ስለ ነርስ ፕራክቲሽነር ሲያወሩ ትሰሙ ይሆናል። ሙያው የተጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሎሬታ ፎርድ የምትባል ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የሚባል የሕፃናት ሐኪም ናቸው የጀመሩት። መጀመሪያ የታሰበው እንደልብ ሐኪም ለማያገኙ ሕፃናት ነበር። እያደር ግን ወደ ሆስፒታል ገባ፣ ከዚያም እስከ አዋቂዎች አይሲዩ ደረሰ። ዛሬ እዚያ በዚህ ዘርፍ የሠለጠነች ነርስ ታካሚውን ትመረምራለች፣ ላብራቶሪና ራጅ ታዛለች፣ መድኃኒት ትጽፋለች፣ በብዙ ቦታ ሴንትራል ላይን (ትልቁ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) ታስገባለች፣ ኢንቱቤትም ታደርጋለች፣ ማለትም የመተንፈሻ ቱቦ ታስገባለች። ከስፔሻሊስቱ ጋር ተቀናጅታ ነው የምትሠራው፤ የሥልጣኗ ስፋትም ከስቴት ስቴት ይለያያል።

እኛ ጋ መንገዱ ሌላ ነው። የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ በዲግሪም በማስተርስም ይሰጣል፣ ተመርቀን ስንወጣ ግን ትእዛዝ የሚጽፈው ሐኪሙ ነው። ይህን ሰምታችሁ «ታዲያ ለምን እማራለሁ?» እንዳትሉ። ሐኪሙ ራውንድ አድርጎ፣ ታካሚዎቹን ዞሮ አይቶ፣ ይሄዳል። ኦፕራሲዮን ክፍል ይጠራል፣ ድንገተኛ ክፍል ይጠራል፣ ሌላ ዎርድ ይጠራል። አልጋው አጠገብ ሌት ተቀን ያለችው ነርሷ ናት። የታካሚው ነገር መለወጥ ሲጀምር መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት፤ የምታየው ግን ምን እንደምትፈልግ ካወቀች ብቻ ነው። ትምህርቱ የሰጠኝ ይሄንን ነው። ቀድሞ ማየት፣ ያዩትንም ሰው በሚሰማው መንገድ መናገር።

አንድ ታካሚ ላንሳላችሁ። ፎገራ በኩል ሽንኩርት ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ የዋለ ወጣት ነው። በጀርባው ያዘለው መርጫ እያፈሰሰ ሸሚዙን አርሶት፣ እሱም ሳያወልቀው ዋለ። ሲመጣ ላብ በላብ ነው፣ ለሃጩ አያቆምም፣ ደረቱ ይንኮራኮራል፣ የልብ ምቱ ቀርፏል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው የፀረ ተባይ መርዝ መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል። ልብሱ ወለቀ፣ ገላው በሳሙና ታጠበ፣ የመርዙን ሥራ የሚያከሽፈው አትሮፒን በየ5 ደቂቃው እጥፍ እየተደረገ ደረቱ እስኪደርቅ ተሰጠው። እዚህ ላይ የብዙ ጀማሪ ዓይን ብሌኑ ላይ ያርፋል፤ አትሮፒኑ በቃው ወይ የሚለውን የምትለኩት ግን በደረቱ መድረቅ፣ በልብ ምቱና በደም ግፊቱ ነው። አትሮፒኑ ከበዛበት ደግሞ ሰውነቱ ይግላል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ይቃዣል፣ የአንጀቱ ድምፅ ይጠፋል።

ልጁ ተሻለው። በሦስተኛው ቀን ነቅቶ ያወራል፣ ሻይ አምጡልኝ ይላል፣ መቼ ነው የምወጣው ይላል። አልጋ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ድንገተኛ ክፍል አለ። ከሰዓት በኋላ ወደ ዎርድ ይውጣ ተባለ። ሳቹሬሽኑ (በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን) ጥሩ ነው፣ ግፊቱ ጥሩ ነው። አልጋው አጠገብ ቆሜ «ወንድሜ፣ እስቲ ራስህን ከትራሱ ቀና አድርገህ ያዝልኝ» አልኩት። ሞከረ። ትከሻው ተንቀሳቀሰ፣ ግንባሩ ተኮማተረ፣ ራሱ ግን ከትራሱ አልተነሳም። «እሺ፣ በአንድ ትንፋሽ ከአንድ ጀምረህ ቁጠርልኝ» አልኩት። ጤነኛ ሰው ሃያን ያለችግር ያልፋል። እሱ ስምንት ላይ ትንፋሹ አለቀበት፣ እየሳቀ «ደክሞኝ ነው ሲስተር» አለኝ።

ይሄ የታወቀ ነገር ነው። በዚህ መርዝ የተመረዘ ሰው ከተሻለው በኋላ፣ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የአንገት፣ የትከሻና የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ሊዝሉ ይችላሉ። ኢንተርሚዲየት ሲንድረም ይባላል። አንገቱ ቀድሞ ነው የሚናገረው። ሳቹሬሽን ግን ኦክስጅን ላይ ላለ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚወርደው። ሞኒተሩን ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው ዎርድ ልኮት ቢሆን፣ ያ ልጅ አንድ ነርስ ብዙ ታካሚ በያዘችበት ክፍል ውስጥ ሌሊት ላይ ትንፋሹ ይቆም ነበር። ለሲኒየር ሐኪሙ ነገርኩት፣ መጥቶ ራሱ ፈተሸው፣ አይወጣም ተባለ። ሌሊቱን አተነፋፈሱ እየደከመ ሄደ፤ ዝግጅቱ አልቆ ስለነበር ሳንሯሯጥ፣ በረጋ መንፈስ ቱቦ ገባለት። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ቆይቶ ጡንቻው ተመለሰ፣ በእግሩ ሄዶ ወጣ። ስለዚህ በዚህ መርዝ የተመረዘ ታካሚ ያላችሁ ሁሉ፣ በየፈረቃው አንገቱን አስነሱት። ምንም መሣሪያ አይፈልግም።

ሁለተኛው ነገር መናገር ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ታላቅ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ቤት ውስጥ ጥሩ ነው። አይሲዩ ውስጥ ግን ዝምታ ሰው ይገድላል። ጀማሪ ነርስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስልክ ደውላ «ዶክተር፣ አልጋ አራት ደስ አላለኝም» ብትል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ሐኪም) «እሺ፣ ተከታተዪው» ብሎ ይዘጋዋል። እሱም አይፈረድበትም፣ የሚይዘው ነገር አልሰጠችውም። እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ አልጋ አራት ያለው የሴፕሲስ ታካሚ ነው። ማፑ ከ72 ወደ 58 ወርዷል። 60 ኪሎ ነው፣ ባለፉት ሁለት ሰዓታት የሸናው 30 ሚሊ ብቻ ነው። እጁ ቀዝቅዟል፣ ከበፊቱ የበለጠ ተወናብዷል። ኖርአድሬናሊኑ መጨመር ያለበት ይመስለኛል፣ መጥተህ እየው።»

ልዩነቱን አያችሁ? ሴፕሲስ ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ ነው፣ ኖርአድሬናሊን የደም ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ነው፣ ማፕ የምንለው ደግሞ አማካይ የደም ግፊት ነው፤ ለእንዲህ ያለው ታካሚ ቢያንስ 65 እንዲሆን እንፈልጋለን። ሽንት ደግሞ ቢያንስ በኪሎ በሰዓት ግማሽ ሚሊ ይጠበቃል፣ ስለዚህ 60 ኪሎ ሰው በሁለት ሰዓት 60 ሚሊ መሽናት ነበረበት፣ ግማሹን ነው የሸናው። ቁጥሩን ሰጣችሁት፣ የመሰላችሁን ነገራችሁት፣ የምትፈልጉትንም ጠየቃችሁት። እንዲህ ተነግሮት ከአልጋው ያልተነሳ ሐኪም እስካሁን አልገጠመኝም። ባይነሳ ደግሞ ከሱ በላይ ላለው ትደውላላችሁ፣ ሰዓቱን ቻርቱ ላይ ትጽፋላችሁ። ማንንም መክሰስ አይደለም፣ ሥራችሁ ነው።

ቬንቲሌተር ላይ ያለ ታካሚ ሲኖራችሁ ሜትር ፈልጉ። አዎ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር። የሚገባለት የአየር መጠን የሚሰላው ሰውዬው አሁን ባለው ኪሎ ሳይሆን በቁመቱ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮት አያድግም። 170 ሴንቲሜትር የሆነ ወንድ በቀመሩ 66 ኪሎ ይሆናል። በኪሎ 6 ሚሊ ብለን ስናሰላው በአንድ ትንፋሽ 400 ሚሊ ገደማ ነው። ይህ ሰው 95 ኪሎ ሆኖ በኪሎው ከተሰላ 570 ይሰጠዋል፣ ያ ደግሞ በተለይ ቀድሞ የተጎዳ ሳንባን ይለጥጠዋል፣ ይጎዳዋል። ታካሚውን ቀጥ አድርጋችሁ አስተኝታችሁ ከራስ ቅሉ እስከ ተረከዙ መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ቁጥሩን አልጋው ራስጌ ላይ ለጥፉት።

ሌላው የየዕለት ነገር ነው፣ የማይታይ ግን ሰው የሚያተርፍ። የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይበል። አፉ ይጸዳ። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፣ የአልጋ ቁስል አንዴ ከጀመረ ከበሽታው የባሰ ይሆናልና። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው ፊኛ ግፊቷ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ውኃ ውስጥ ትሁን፤ ካነሰ ምራቁ ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ ከበዛ የአየር ቧንቧውን ታቆስላለች። ጠዋት ራውንድ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ እናንተ አንሱ፦ «የሚያስተኛውን መድኃኒት ዛሬ ብናቆመውስ? በራሱ ይተንፍስ ብለን ብንሞክረውስ?» ይህ ጥያቄ በየቀኑ ከተነሳ ሰው ማሽኑ ላይ ከሚገባው በላይ አይቆይም። ካልተነሳ ሁሉም ሰው ሌላው ያስብበታል እያለ ቀኑ ይሄዳል።

ኦክስጅንና መብራትን አትርሱ። መብራት ብልጭ ሲል ማሽኑ ባትሪ እንዳለው ባውቅም እጄ ቀድሞ የሚሄደው በእጅ እየተጨመቀ በሚያስተነፍሰው አምቡ ባግ ላይ ነው። በየአልጋው ራስጌ አንድ አንድ ይሰቀል። ታካሚ ለሲቲ ስካን ስታንቀሳቅሱ ሲሊንደሩን ቀድማችሁ አስሉ። 40 ሊትር የሚይዝ ትልቁ ሲሊንደር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 150 ባር ካሳየ 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለው ማለት ነው፤ በደቂቃ 10 ሊትር ቢወስድ 600 ደቂቃ፣ 10 ሰዓት ይበቃል። ጌጁ 30 ላይ ከሆነ ግን 2 ሰዓት ብቻ ነው ያላችሁ። አሳንሰር ተበላሽቶ፣ ወረፋ ተይዞ ሁለት ሰዓት እንዴት እንደሚያልቅ ሆስፒታል የሠራ ያውቀዋል።

አሁን ወደ አስታማሚዎች ልምጣ።

ከደቅ ደሴት በጀልባ ልጃቸውን ይዘው የመጡ እናት ነበሩ። ልጁ አፉ ውስጥ ቱቦ አለ፣ ተኝቷል። እናትየው በትንሽ ጀሪካን ጠበል ይዘዋል። «ልጄ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ ላጠጣው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ተቆጥቶ ማስወጣት ቀላል ነው፣ ሲደረግም አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ተደብቀው ያጠጡታል። አጠገባቸው ቁጭ አልኩና «እማማ፣ አሁን በአፉ የገባ ነገር ወደ ሆዱ አይሄድም፣ ወደ ሳንባው ነው የሚወርደው፣ ያንቀዋል። ግንባሩንና እግሩን ይቀቡት» አልኳቸው። ንጹሕ ጎዝ ሰጠኋቸው። መርፌ የገባበትን፣ ፕላስተር ያለበትን ቦታ አሳይቼ እዚህ እዚህ እንዳይነካ አልኳቸው። ግንባሩን፣ መዳፉን፣ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ እየቀቡ ጸለዩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳይጠይቁኝ ምንም አላደረጉም። እምነትና ሕክምና የሚጋጩት መሀል ላይ የሚያስረዳ ሰው ሲጠፋ ይመስለኛል።

ሌላ ደግሞ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ። ቱቦው ወጥቶላቸው እየተሻላቸው ሳለ ሌሊት ላይ የሞኒተሩን ገመድ፣ የጉሉኮሱን ቱቦ እየሰበሰቡ ይስባሉ። «ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?» ስላቸው «መረቡን ነዋ፣ ሊመሽ ነው» አሉኝ። ጣና ላይ ናቸው። ይህ ዴሊሪየም ነው። እብደት አይደለም፣ ሰይጣንም አይደለም። አእምሮ ከሕመሙ፣ ከመድኃኒቱ፣ ከእንቅልፍ እጦቱ የተነሳ ሲናወጥ ነው፣ በአይሲዩ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ቦታ እጅ ማሰር ይቀናቸዋል። እኛ ባለቤታቸውን አስገባናቸው። እጃቸውን ይዘው «እኔ ነኝ፣ ሆስፒታል ነው ያለነው፣ ባሕር ዳር ነን፣ ጀልባዋን ልጅህ አስሯታል» እያሉ ዝም ብለው አወሯቸው። ረጉ። ሰዋችሁ እንዲህ ሲቃዥ ካያችሁ አትጩሁበት፣ አታልቅሱበት። ቀኑን ንገሩት፣ ሰዓቱን ንገሩት፣ መነጽር ካለው አድርጉለት፣ የሚወዳቸውን ሰዎች ስም ጥሩለት። ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ሌሊት መብራቱ ይቀነስ።

ከቤተሰብ መሀል አንድ ሰው ምረጡ። ለነርሷም ለሐኪሙም ጥያቄ የሚያቀርበው፣ መልሱንም ለሌላው የሚያደርሰው እሱ ይሁን፤ ስልኩ ካርዱ ላይ ይጻፍ። አጎት፣ አክስት፣ የንስሐ አባት ተራ በተራ ሲጠይቁ አንዱ የሰማው ከሌላው ጋር አይገጥምም፣ ጭቅጭቅ ይነሳል። ስትጠይቁ «ይተርፋል ወይ?» ብቻ አትበሉ። «ከትናንት ዛሬ ምን ተለወጠ? ዛሬ ምን ልትሞክሩ አስባችኋል? የሚያሰጋችሁ ምንድን ነው?» በሉ። ይህን ነርሷ ልትነግራችሁ ትችላለች። የምርመራ ውጤትና የበሽታው ስም ላይ ሐኪሙን እስክትጠሩ ትጠብቃለች፣ የደበቀቻችሁ እንዳይመስላችሁ።

ከባዱ ደግሞ አለ። ሐኪሙ ሁኔታው እንደከፋ ይናገራል፣ ይሄዳል፣ ቤተሰቡ እኔ ፊት ይቀራል። ሽማግሌው ቀስ ብለው ይጠጉኝና «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ወደ አገሩ ልውሰደው ወይ?» ይሉኛል። ጥያቄው ስንት ነገር እንዳለበት የዚህ አገር ልጅ ያውቃል፤ አስከሬን ከመጓጓዝ በነፍሱ እያለ ቤቱ ይግባ የሚል አለበት፣ ገንዘቡ አልቋል የሚልም አለበት። እኔ አልወስንላቸውም፣ አልዋሻቸውምም። ሐኪሙን እንደገና ጠርቼ አብረን እንቀመጣለን። ማሽኑ ሲነሳ ምን እንደሚሆን፣ መንገድ ላይ ምን ሊያጋጥም እንደሚችል በግልጽ እንዲነገራቸው አደርጋለሁ። ማረፉ የማይቀር ከሆነ ሕመም እንዳይሰማው የሚሰጥ መድኃኒት እንዳለ ይወቁ። ንስሐ አባቱ ይግቡ። ይህን ማመቻቸት ከመድኃኒት እኩል ሥራዬ ነው፣ ማንም ሲያቃልለው አልወድም።

ልትማሩ ለምታስቡ አንድ ምክር ልጨምር። በቀጥታ ከምረቃ ወደ አይሲዩ አትሩጡ። ሜዲካል ዎርድና ድንገተኛ ክፍል ሥሩ፣ ጤነኛ መልክ ያለው ሰው ሲከፋበት እንዴት እንደሚጀምረው እዚያ ነው የምታዩት። አትሮፒን፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ኢንሱሊን፣ አድሬናሊን፣ አርቴሱኔት እጃችሁ ላይ ይለመዱ። የከባድ ወባ መድኃኒቱ አርቴሱኔት በሚጀምርበት ሰዓት፣ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ እንደሚሰጥ ሳታስቡ የምትሉት ይሁን፤ የጣና ዙሪያ የወባ አገር ነው። ሲኒየር ነርሶች ርክክብ ሲያደርጉ አልጋው አጠገብ ቁሙ፣ ቢሮ ውስጥ ከወረቀት አትረከቡ።

ሰዋችሁ ድኖ ቤት ለምትወስዱት ደግሞ ይህን ያዙ። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደክመዋል፣ ደረጃ መውጣት ይከብደዋል፣ ሌሊት ይባንናል፣ ነገር ይረሳል። ስንፍና አይደለም። ቀስ በቀስ ይራመድ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሽሮ፣ ያለውን ይብላ። ድምፁ ለትንሽ ጊዜ ሊጎረንን ይችላል። ነገር ግን ከወጣ ከሳምንታት በኋላ ሲተነፍስ ጉሮሮው ላይ የሚያፏጭ ድምፅ ከመጣ፣ ሲራመድም ካጠረው፣ ቱቦው የነበረበት የአየር ቧንቧ ጠቦ ሊሆን ይችላልና በአስቸኳይ ሆስፒታል አምጡት። አስም ነው ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጥቶት ካልተሻለው ዝም አትበሉ፤ የሚያየው ሐኪም ማንም ይሁን «አይሲዩ ተኝቶ ነበር፣ በጉሮሮው ቱቦ ገብቶለት ነበር» ብላችሁ ንገሩት፣ የመውጫ ወረቀቱንም አሳዩት።